ቤቷን አልፎ የሚሄደው ሚኒባስ

በዚያ ዓመት ሦስተኛ ክፍልን አማርኛና ሒሳብ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን ጅቡቲ ከተማ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አምቡሊ በሚባል ሰፈር፣ በኪራይ የተያዘ ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። አውሮፕላን ሲነሳ ንግግሬን አቋርጬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ ልጆቹም ለምደውት እርሳሳቸውን አስቀምጠው አብረውኝ ይጠብቃሉ። አብዛኞቹ የእኛው አገር ሰዎች ልጆች ነበሩ፤ አባቶቻቸው ወደብ ላይ ወይም ከባድ መኪና ላይ የሚሠሩ፣ እናቶቻቸው በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ። እኔም ጅቡቲ የገባሁት ባሌ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ነው። ልጅ አልነበረንም።

አንድ ሰኞ «ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ» የሚል ድርሰት አጻፍኳቸው። የፈለግሁት ቀላል ነገር ነበር፤ ድልድዩን፣ ሱቁን፣ ፍየሉን፣ በመንገድ የሚያዩትን እንዲጽፉ። ከኋላ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው የአሥር ዓመት ልጅ አምስት መስመር ብቻ ጽፋ ሰጠችኝ። «ሚኒባሱ ድልድዩን ይሻገራል። ልጆቹ ይወርዳሉ። እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ። ከዚያ ቤታችንን ያልፋል። ከዚያ ይመለሳል» ይላል። እኔ «ያልፋል» የሚለውን በቀይ አሰመርኩበትና ከላዩ «ይደርሳል» ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ትርፍ ነው ብዬ ሰረዝኩት። ከአሥር ሰባት ሰጠኋት።

ልጅቷን ከሌሎቹ ይበልጥ አውቃታለሁ ብዬ አስብ ነበር። እናቷ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የፈረንጆች ቤት ትሠራለች፤ አዳሪ ስለሆነች የምትወጣው አርብ ብቻ ነው። ልጅቷ የምትኖረው ከድልድዩ ማዶ ባልባላ ውስጥ፣ ዋራበሌ በሚባል ሰፈር፣ የእናቷ አገር ሰው የሆነች ሴት ጋር ነው። አክስቴ ትላታለች እንጂ ዝምድና የላቸውም። ሴትየዋ ገበያ ልብስ ስለምትሸጥ እስኪመሽ አትገባም። ልጅቷ የበሩን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትመጣለች፤ ቀትር ላይ ራሷ ከፍታ ትገባለች።

የባልባላን ልጆች የሚያመላልሳቸው ሚኒባስ ነበር። ሾፌሩን የቀጠረችው ዳይሬክተሯ ናት። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ረዳት አልነበረውም፤ በሩን ራሱ እየወረደ ይከፍታል፣ ትንንሾቹን ብብታቸው ሥር ይዞ ያወርዳቸዋል። ልጆቹ ጋሼ ይሉታል። ጋቢና ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። በትምህርት የበረታ ጋቢና ይቀመጣል የሚል ደንብም አውጥቶላቸው ነበር፤ እኛ መምህራን ይህን ሰምተን ጥሩ ሐሳብ ነው ብለን አመስግነነዋል።

ከድርሰቱ በፊት ጀምሮ ልጅቷ ላይ የማየው ለውጥ ነበር። ደወል ሲደወል ሰሌዳ ላጥፋ ትለኛለች። አጥፍታ ስትጨርስ ወንበር ላስተካክል ትላለች። መጀመሪያ ጨዋነቷን ወደድኩላት። እየጮኸ የሚሮጥ ልጅ በሞላበት ክፍል እሷ ጠመኔ ስትለቅም ትቀራለች። ያኔ ሾፌሩ በር ላይ ብቅ ይልና «ነይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ሁሉም አንቺን ነው የሚጠብቀው» ይላታል። አንድም ቀን ቁጣ አልሰማሁበትም። እሷ ግን ድምፁን ስትሰማ በእጇ ያለውን ነገር ያለበት ትተወዋለች። ምን ዓይነት ታጋሽ ሰው ነው እያልኩ ከኋላቸው አያቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት ከክፍሌ አንድ ልጅ ታይፎይድ ይዞት ቀረ። ረቡዕ ከሰዓት ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ዋራበሌ ሄድኩ። ቀኑ ነጭ ሆኖ የሚያቃጥልበት፣ ጫት ገብቶ ሰው ሁሉ በየቤቱ የተከተተበት ሰዓት ነው። መንገዱ ላይ አንድ ሰው አላየሁም። የቆርቆሮ አጥሮቹ መሀል ሳልፍ የራሴን ኮቴ ብቻ ነው የሰማሁት። የልጁ እናት ከበር ላይ ተቀበለችኝና ቤቱን በቀላሉ አግኝቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። የልጅቷን ቤት ግን እንደማላውቀው ስነግራት ስቃ፣ «ሰማያዊ የተቀባውን በር አልፈሽ ነው የመጣሽው» አለችኝ።

ልጁ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ብርቱካኑን እያገላበጠ ነበር። ስለ ትምህርት ስናወራ ቆይተን፣ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል፣ ከሚኒባሱ መጨረሻ የሚወርደው ማን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እሷ ናት» አለኝ።

«የሷ ቤት ከናንተ ቤት በፊት አይደል እንዴ?»

«አዎ። ግን ጋሼ ስንመለስ ነው የማወርዳት ይላል።»

እናቱን ከነሱ ቤት ወዲያ ምን እንዳለ ጠየቅኋት። ምንም የለም አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቤት የለም፤ ድንጋይ ብቻ ነው። ስወጣ አየሁት። መንገዱ ጥቂት ሄዶ ጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ ውስጥ ይጠፋል። የጎማ አሻራው ግን አልቆመም ነበር።

ቤቴ ገብቼ የድርሰት ደብተሮቹን ከዘንቢል አወጣሁ። የሷን ገልጬ ቀዩ መስመር ያለበትን ደግሜ አነበብኩት። ልጅቷ ነግራኝ ነበር። በጽሑፍ፣ በጥሩ አማርኛ፣ ምንም ስሕተት ሳይኖረው ነግራኝ፣ እኔ አርሜ መለስኩላት። ባሌ ሲገባ እንዲያ እንደተቀመጥኩ አገኘኝ። ነገሩን ስነግረው ምናልባት ነዳጅ ሊቀዳ ወይም ሌላ ሰው ሊያደርስ እየሄደ ይሆናል አለ። እንዲያ ቢሆን እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ለዳይሬክተሯ ነገርኳት። ይህች ሴት ትምህርት ቤቱን ከባዶ ያቆመች፣ እኔንም ያለ ምንም ዘመድ ቀጥራ ያስጠጋችኝ ናት፤ እትዬ ብዬ ነው የምጠራት። ሰምታኝ ስታበቃ በሩን ዘጋች። ሾፌሩ ከመጣ ጀምሮ የቀረ ልጅ እንደሌለ፣ እሱ ቢሄድ የባልባላ ልጆች በሙሉ ቤት እንደሚቀሩ፣ እሱም የልጆች አባት እንደሆነ አስረዳችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «በመንገድ ቅደም ተከተል ብቻ የሰው ስም ይጠፋል?» አለችኝ።

ከቅደም ተከተሉ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። ብቻ ዛሬ ከልጆቹ ጋር እሄዳለሁ አልኳት። እሷም አልከለከለችኝም።

ቀትር ላይ ልጆቹ ሲሳፈሩ እኔ ጋቢናውን ከፍቼ ገባሁ። ልጅቷ እግሯን አንስታ ልትገባ ስትል አየችኝና ቆመች። ወደ ኋላ ሄደሽ ከጓደኞችሽ ጋር ተቀመጪ አልኳት። ሾፌሩ በመስታወት እያየ «ደስ ይለናል ቲቸር» አለ። መሪውን የያዙት እጆቹ ንጹሕ ነበሩ፤ ጥፍሮቹ በልክ የተቆረጡ። በመንገድ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መጥፋት፣ ስለ ልጆቻችን የወደፊት ዕድል አወራኝ። ከኋላ ልጆቹ ይዘፍኑ ነበር። የሷ ድምፅ ይኖርበት እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን ባቆምም አልቻልኩም።

ልጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ታማሚው ልጅ ስለሌለ መጨረሻ የቀረችው እሷ ነበረች። ሚኒባሱ ሰማያዊው በር ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ምንም ሳያመነታ ቆመ።

«ይኸው፣ ሁልጊዜም እዚህ ነው የማወርዳት» አለ። እኔ አልጠየቅሁትም ነበር።

ልጅቷ ወርዳ ሮጠች። ቁልፉን ከአንገቷ ሳታወልቅ አጎንብሳ በሩን ከፈተች፣ ገብታ ከውስጥ መሸጎሪያውን ወረወረች። መንገዱ ላይ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ሞተሩን አላጠፋም።

«ቲቸርስ ወዴት ላድርስዎት?»

እዚሁ እወርዳለሁ አልኩት።

«እሑድም ይመጣሉ?» አለኝ፤ እዚያ አርብና ቅዳሜ ትምህርት የለም።

«እመጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ፈገግ አለ። «ይደክምዎታል» አለኝ። እንደ አዛኝ ነው ያለው። ከዚያ መኪናውን አዙሮ ሄደ። አቧራው እስኪበተን እዚያው ቆምኩ።

በሩን አንኳኳሁ። መልስ የለም። እኔ ነኝ፣ ቲቸር ነኝ አልኳት። ከብዙ ቆይታ በኋላ መሸጎሪያው ተንቀሳቀሰ። እናትሽ ጋ ልወስድሽ ነው ስላት ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነበር በሩ ሥር የተቀመጠችው። ለአክስቷ የታማሚው ልጅ እናት እንድትነግርልኝ አደራ ብዬ ታክሲ ያዝን።

ሀራሙስ ያለው ቪላ ዘበኛ ነበረው። እንግዳ አይገባም አለኝ። ሠራተኛዋን ብቻ ጥራልኝ ብዬ ለመንኩት። ከአጥሩ ጥላ ሥር ቆመን ጠበቅን፤ ልጅቷ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ነበር። እናትየዋ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ወጣች። ልጇን በሐሙስ ቀን እዚያ ቆማ ስታይ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ፊቷ ተለወጠ።

«ታማ ነው?» አለች።

ጠጋ ብዬ የማውቀውን ነገርኳት። ከማውቀው አልጨመርኩም፤ ሚኒባሱ ቤቷን እንደሚያልፍ፣ ከዚያ ወዲያ ቤት እንደሌለ፣ ልጅቷ መጨረሻ ብቻዋን እንደምትቀር። እናትየዋ ልጅቷ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። እኔ እንዳልጠየቅኋት፣ ልጅቷን መጠየቅ ያለባት እናቷ እንደሆነች ነገርኳት። ያን ጊዜ ወደ ቪላው ዞር ብላ ተመለከተች፤ ምሳ ላይ ናቸው አለች። አላለቀሰችም። የልጇን አንገት ላይ ያለውን ክር በጣቷ ነካችና፣ እስከ ነገ ድረስ እኔ ዘንድ እንድትቆይ ጠየቀችኝ።

አርብ ከሰዓት መጣች። ሁለቱ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የታጠቡ ብርጭቆዎችን መልሼ አጠብኩ። አንዴ የልጅቷ ድምፅ ከፍ ሲል ሰማሁ። ሲወጡ እናትየዋ ያረጀች መሰለችኝ። ልጅቷ የነገረቻትን እዚህ አልጽፈውም፤ የልጅቷ ነው፣ እሷ ስትፈልግ ትናገረው። አንዱን ብቻ እጽፋለሁ። ያ ለስላሳ ሰው «እናትሽ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ አንቺ ከተናገርሽ በድንበር አውጥተው ይጥሏታል» ብሏት ነበር። ልጅቷ ወራቱን ሁሉ ዝም ያለችው እናቷን ለማዳን ነው።

የዚያኑ ዕለት ለዳይሬክተሯ ነገርኳት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን ስላት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ቋንቋው ግን ያስፈራኝ ነበር። እኔ ፈረንሳይኛዬ የሱቅ ነው፣ ሶማልኛዬም ሰላምታ ብቻ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጥ ሶማሌ ሴት ነበረች፤ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም። ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ ሄጄ አብራን እንድትሄድ ለመንኳት። ነገሩን ስነግራት አልደነገጠችም።

«እኔም አይቻለሁ» አለችኝ። «ሌሎቹ ልጆች ሳምቡሳ ሲገዙ እሷን እጇን ይዞ ጋቢና ያስገባት ነበር። ሳምቡሳ ሻጭን ማን ይሰማል ብዬ ተውኩት።»

ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። ጣቢያው ውስጥ መኮንኑ መጀመሪያ የጠየቀው የእናትየዋን ወረቀት ነው። ወረቀቷ ጊዜው አልፎበታል። እናትየዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ልጅቷ ግን ጮክ ብላ «እማዬ አትስጪው» እያለች ወረቀቱን ልትነጥቅ ተወረወረች። ያን ያየው መኮንን ብዕሩን አስቀመጠ። ሳምቡሳ ሻጯ በሶማልኛ ብዙ ተናገረችው። ምን እንዳለችው ዛሬም አላውቅም። እሱም ወረቀቱን አጥፎ ለእናትየዋ መለሰላትና፣ አዲስ ገጽ ገልጦ ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ አለ።

እሑድ ጠዋት ሚኒባሱ አልመጣም። የባልባላ ልጆች ፀሐይ ላይ ቆመው ቀሩ። ፖሊሶች ሾፌሩ ቤት ሄደው አጡት፤ መኪናው ለትምህርት ቤቱ ባከራየው ሰው በር ላይ ቆሞ፣ ቁልፉ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ሾፌሩ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ወደ ድንበሩ በሚሄድ ከባድ መኪና ተሳፍሮ ወጥቷል። እኛ ጣቢያው ደጃፍ ወረፋ ስንጠብቅ እሱ ድንበሩን ተሻግሮ ነበር።

ማን እንደነገረው ለማወቅ አልለፋሁም። ዳይሬክተሯ ራሷ ቢሮዋ ጠርታ ነገረችኝ። አርብ ዕለት አስጠርታው ነበር። አንድ ሰው ሳይጠየቅ መወንጀል የለበትም ብላ፣ የሚለው ካለው ከአፉ ልትሰማ። እሱም ቁጭ ብሎ አዳምጧት፣ የተሰማውን ሐዘን ገልጦላት፣ ቅዳሜ አብሮን ጣቢያ ሊሄድ ቃል ገብቶላት ተነሳ።

«አመንኩት» አለችኝ። «ሲወጣ እንኳ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።»

ልቆጣት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። እኔም ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ያደረግሁትን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ አዲሱ ሚኒባስ ላይ ሴት ረዳት ተቀጠረች። ጋቢና ልጅ እንዳይቀመጥ ተከለከለ። የማን ቤት ከማን እንደሚቀድም በወረቀት ተጽፎ የመኪናው በር ላይ ተለጠፈ፣ ለየወላጁም ተሰጠ። ዳይሬክተሯ በየጊዜው ሳትናገር ራሷ ተሳፍራ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ መልካም ነበር። ከዚህ ጋር ግን ሌላም ነገር መጣ። ወሬው በባልባላ ሲዞር የሾፌሩ ስም ቀስ በቀስ ከወሬው ወጣና የልጅቷ ቀረ። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ከሷ አጠገብ እንዳላስቀምጥ ጠየቁኝ። አንዷ ይህን ስትለኝ በሹክሹክታ ነበር፣ በሽታ ያለበት ሰው አጠገብ እንዳለች ሁሉ። ልጅቷን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ እኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት።

ትምህርት እስኪዘጋ እኛ ቤት ኖረች። ባሌ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሳሎን ተነስታ ወጥ ቤት ትገባ ነበር። እሱም ገብቶት፣ ከሥራ ሲመለስ ከደጅ ሆኖ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ወንበር ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ሦስት ወር ያህል እንዲህ አደረገ። አንድ ቀን የሒሳብ ደብተሯን ይዛ ራሷ በረንዳ ወጣች፤ ማካፈል አስረዳኝ አለችው። እኔ በመስኮት አየኋቸውና ወደ ኋላዬ ተመለስኩ።

ፖሊስ ጣቢያ የተከፈተው ፋይል ተከፍቶ ቀረ። ሙቀቱ ሲገባ እናትየዋ ሥራዋን ለቃ ልጇን ይዛ አገሯ ገባች። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፤ ልጅቷ ደህና ናት፣ ጥሩ ትማራለች ትለኛለች። ልጅቷ ራሷ ስልኩን የተቀበለችው አንዴ ብቻ ነው። ብዙ አላወራችም። እንደምን ነሽ ስላት፣ ትምህርት ቤቷ ቅርብ ስለሆነ በእግሯ እንደምትሄድ ነገረችኝ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ባሌ ጭነት ከሚያስረክባቸው አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ቤታችን ምሳ በልቶ ሲጫወት፣ ድሮ ጅቡቲ የሚያውቀውን ያን የሚኒባስ ሾፌር ከድንበሩ ማዶ በመንገድ ካሉት ከተሞች በአንዷ እንዳየው ተናገረ። በመጀመሪያ አላወቀውም ነበር፤ ጢም አሳድጓል። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ይነዳል አለ። ይህን ሲናገር እንጀራ በእጁ ይዞ ነበር፤ የኔን ፊት አይቶ መልሶ አስቀመጠው።

በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ። ያየሁትንና በፖሊስ የተመዘገበውን ብቻ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። የልጅቷን ስም አላነሳሁም። የከባድ መኪናው ሾፌር በሚቀጥለው ጉዞው አድርሶ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ በእጇ እንደሰጣት፣ እሷም አንብባ መሳቢያ ውስጥ እንደከተተችው ነገረኝ። ወር ጠበቅሁ። መልስ የለም። ከዚያ ፈቃድ ጠየቅሁና ራሴ ሄድኩ። መንገዱ ከቀን በላይ ፈጀብኝ።

ከተማዋ ስደርስ ተማሪዎች የሚለቀቁበት ሰዓት ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ቆሜ ሰርቪሱን ጠበቅሁ። ሲመጣ የሚነዳው ገና ወጣት ሰው ነው፤ ከጎኑም አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ልጆቹ ተጋፍተው ገቡ። ኃላፊዋ ጋ ገባሁና ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። ትሑት ሴት ነበረች። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃ አስመጣችልኝ። ደብዳቤዬ እንደደረሳት፣ ነገሩን ከወላጆች ጋር ሳያነሱ በጥንቃቄ እንደያዙት፣ ሰውየውም ያለ ጭቅጭቅ ሥራውን እንደለቀቀ ነገረችኝ። የሥራ ልምድ ወረቀት ጠይቋቸው ሰጥተውት ነበር።

ወዴት እንደሄደ ጠየቅኋት።

«አልጠየቅነውም» አለችኝ።